በበግ ልብ ላይ የተለመደ ስፌት፦ ከሐረር የአንድ ምሽት የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት በሐረር ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በአንድ የታኅሣሥ ምሽት፣ ልቡ በስለት ተወግቶ የመጣ የ24 ዓመት ወጣት እንዴት እንደታከመ፣ በሕክምናው መካከል የት እንደተሳሳትን፣ ልቡን የሰፋችው ወጣት ሐኪምም ያንን ሥራ የት እንደተማረችው የሚተርክ ነው። የታካሚውን ማንነት ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችን ትቻለሁ ወይም ለውጫለሁ፤ ሰዓቱን፣ የደም ግፊቱን መጠንና የቀዶ ሕክምናውን ሂደት ግን ከካርዱና ከአኔስቴዥያው (የማደንዘዣው) ቅጽ ወስጃለሁ። እኔ በዚያ ምሽት ተረኛ ሲኒየር የነበርኩ አጠቃላይ ቀዶ ሐኪም ነኝ። የልብ ቀዶ ሐኪም አይደለሁም፤ በሆስፒታላችንም የልብ ቀዶ ሐኪም የለም።

ልብ ላይ ስለሚሠራ ቀዶ ሕክምና ሲነሳ በአገራችን አብዛኛው ሰው የሚያስበው አዲስ አበባን ነው፤ ምክንያቱም አለው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ማዕከሉን ከከፈተበት ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቀድሞ ወደ ውጭ አገር ካልተላኩ ተስፋ ያልነበራቸው ብዙ ሕፃናት እዚያው ታክመዋል፤ መጀመሪያ ከውጭ እየተመላለሱ በሚመጡ ቡድኖች፣ በኋላም በአገር ልጆች እጅ። በሩማቲክ ሕመም ቫልቩ (የልቡ በር) የተበላሸ ልጅ ከሐረርጌ ገጠር ተነሥቶ ያንን ወረፋ ሊጠብቅ ይችላል፤ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይጠብቃል። የተወጋ ልብ ይዞ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ቀርቶ በመንገዱ መጀመሪያ ላይ ያለችው ደንገጎ መድረስም ያጠራጥራል። ስለዚህ ከልብ ቀዶ ሕክምና ውስጥ ይህች አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ወደድንም ጠላንም፣ የእኛ ድርሻ ናት።

ይህች ክፍል ደግሞ ከማሽን በፊት የነበረች ናት። ጆን ጊቦን የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ በሚሠራ ማሽን ታግዞ የሰው ልብ ከፍቶ በተሳካ ሁኔታ የጠገነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ነው። ሉድቪግ ሬን የተባለው ጀርመናዊ ግን በፍራንክፈርት በ1896 የተወጋ የ22 ዓመት አትክልተኛ ደረት ከፍቶ፣ የቀኝ ታችኛውን የልብ ክፍል ቀዳዳ በሦስት የሐር ክር ስፌት ዘግቶ፣ ሰውየው ድኖ ሄዷል። በ1902 ሉተር ሂል የተባለ የአላባማ ሐኪም የ13 ዓመት ልጅ ልብ የሰፋው በልጁ ቤት፣ በገበታ ላይ፣ በኩራዝ ብርሃን ነው። እነዚህን ሁለት ታሪኮች የማነሣው ለጌጥ አይደለም፤ «መሣሪያ የለንም፣ ሪፈር እንጻፍለት» የሚለው ሐሳብ በዚያ ምሽትም ስለተነሣ፣ የሪፈር ወረቀቱም ግማሽ ድረስ ተጽፎ ስለነበረ ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት

ወጣቱ ጫት ጫኝ ነው። ከሐረር ብዙም በማይርቀው በአወዳይ ገበያ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በተነሣ ጠብ በአጭር ቢላ ደረቱን ተወጋ። አምቡላንስ አልተጠራም፤ ጓደኞቹ ሲጭኑት በነበረው አይሱዙ ላይ ከጫቱ ጋር ጭነው አመጡት። የጫት መኪና ፍጥነት በዚህ አካባቢ በእርግማን እንጂ በምስጋና ተነሥቶ አያውቅም፤ እኔ ራሴ ያ ፍጥነት ያደረሰብንን የአጥንት ስብራት ስንት ሌሊት ሳክም አድሬያለሁ። በዚህ ምሽት ግን አሽከርካሪው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ10 ላይ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ነፍሱን ያውቅ ነበር፤ ግን ይቅበጠበጣል፤ ሲያስተኙት በኦሮምኛ «አስቀምጡኝ፣ አፈነኝ» ይላል። የደም ግፊቱ 80 በ60፣ የልብ ምቱ 132፣ ትንፋሹ በደቂቃ 32 ነበር። ቁስሉ ከደረት አጥንቱ በስተግራ፣ በአራተኛው የጎድን አጥንት ሥር፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ልብሱ ላይ የነበረው ደም የታረደ ዶሮ ያህል እንኳ አልነበረም፤ ያሳሳተን አንዱ ነገር ይህ ነው። የተቀበለው ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) በካርዱ ላይ «የአንገት ደም ሥሮች ተወጥረዋል» ብሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፏል። ይህን ዓረፍተ ነገር ከጻፈው ልጅ በስተቀር ማንም አላነበበውም፤ ጻፊውም ምን ማለት እንደሆነ ገና አላጠናውም ነበር።

በስልክ ሲነግሩኝ ቤቴ እራት ላይ ነበርኩ። የነገሩኝ «የግራ ደረት ውጊያ፣ ግፊቱ ዝቅ ያለ» የሚል ነበርና፣ ደም በሳንባው ዙሪያ ፈስሷል ብዬ ገመትኩ፤ ቱቦ እንዲያስገቡለት፣ ሁለት ሊትር ጉሉኮስ ያልሆነ ፈሳሽ እንዲሰጡት፣ ከዚያም ራጅ እንዲያነሡት አዘዝኩ። ቁስሉ በትክክል የት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ይህ ጥያቄ አምስት ሰከንድ አይፈጅም፤ መልሱም ሁሉን ይለውጥ ነበር፤ ምክንያቱም ከአንገት ሥር ጀምሮ በሁለቱ ጡቶች መካከል እስከ ጎድን አጥንቶች ጠርዝ ባለው ሣጥን ውስጥ የገባ ማንኛውም ስለት፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ልብን እንደነካ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ።

ቱቦው 200 ሚሊ ሊትር ደም ብቻ ሰጠ። በፈሳሹ ግፊቱ ወደ 95 ወጣና ክፍሉ ተረጋጋ፤ ይህ ሁለተኛው የማሳሳቻ ምክንያት ነው። ወዲያው ታካሚው በአልጋ ተገፍቶ ራጅ ክፍል በር ላይ ወረፋ ያዘ። እዚያ 18 ደቂቃ ቆየ።

በዚያ ጊዜ ውስጥ ደረቱ ውስጥ የነበረው ነገር እንዲህ ነው። ልብ የተቀመጠበት ከረጢት ጠንካራና በቶሎ የማይለጠጥ ነው። በቲቢ ሕመምተኞች ላይ እንደምናየው ፈሳሹ በሳምንታት ቀስ እያለ ሲጠራቀም ከረጢቱ አብሮ እየሰፋ ከአንድ ሊትር በላይ ሊይዝ ይችላል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሲሞላ ግን ሁለት ሦስት ስኒ ቡና የሚያህል ደም ሰው ይገድላል። የሚገድለው የፈሰሰው ደም ብዛት አይደለም፤ በልብ ዙሪያ የተጠራቀመው ደም ልብን ከውጭ ተጭኖ እንዳይሞላ ስለሚያግደው ነው። መጀመሪያ የሚጨፈለቀው ግፊቱ ዝቅተኛ የሆነው የቀኙ የልብ ክፍል ነው፤ ወደ ልብ መግባት ያቃተው ደም ወደ ኋላ ተመልሶ አንገት ላይ ያሉትን ደም ሥሮች ይወጥራል። የአሜሪካው ቀዶ ሐኪም ክላውድ ቤክ ከገለጻቸው ሦስት ምልክቶች፣ ማለትም ከዝቅተኛ ግፊት፣ ከተወጠረ የአንገት ደም ሥርና ከራቀ የልብ ድምፅ መካከል ሁለቱ በካርዱ ላይ ተጽፈው ነበር። ሦስተኛውን በድንገተኛ ክፍል ጫጫታ ውስጥ ማንም አይሰማውም። በደም ሥር የተሰጠው ፈሳሽ ለጊዜው ልብን በኃይል ስለሚሞላው ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ይወድቃል፤ በወጣቱም ላይ የሆነው ይኸው ነው።

አልጋውን ከራጅ ክፍል በር ላይ ያዞረችው የዚያ ሌሊት ተረኛ የነበረች የሦስተኛ ዓመት የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለች ሐኪም) ናት። ሌላ ቀዶ ሕክምና ጨርሳ ስትወጣ ካርዱን አነበበች፤ ከማዋለጃ ክፍል አልትራሳውንዱን አስመጥታ እዚያው ኮሪደር ላይ የመሣሪያውን ጫፍ ከደረቱ አጥንት ሥር አስቀመጠች። በልቡ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ይታይ ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ52 ላይ ደወለችልኝ፤ እኔ መኪና ውስጥ ነበርኩ። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ራጁን ትቼዋለሁ። ልቡ ዙሪያ ደም አለ፤ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል እያስገባሁት ነው።» ፈቃድ አልጠየቀችኝም። በሌላ ሌሊት ይህ ቅር ያሰኘኝ ነበር።

ደረቱ ሲከፈት

ስደርስ ሁለት ክርክሮች ይካሄዱ ነበር። አንደኛው በመርፌ ደሙን ስበን ለማስታገስና ሪፈር ለማድረግ የሚል ነው። ትኩስ ደም በከረጢቱ ውስጥ ረግቶ ስለሚገኝ መርፌ ብዙ ጊዜ አያወጣውም፤ ቢያወጣም ቀዳዳው እንዳለ ነው። ቀዶ ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ ቢሆን ደቂቃዎችን ለመግዛት እሞክረው ነበር፤ ቢላውና መብራቱ ባለበት ክፍል ውስጥ ግን ትርጉም አልነበረውም። ሁለተኛው ክርክር የአኔስቴዥያ ባለሙያው ያነሣው ነው፤ እሱ ደግሞ ፍጹም ትክክል ነበር። «ደረቱ ታጥቦ፣ ጨርቁ ተሸፍኖ፣ ቢላው በእጃችሁ ሳይሆን አላስተኛውም» አለ። እንዲህ ያለ ታካሚ በሕይወት የሚቆየው ደም ሥሮቹን አኮማትሮና በራሱ ትንፋሽ ደምን ወደ ደረቱ ስቦ ነው፤ ማደንዘዣው ደም ሥሮቹን ያላላል፣ በማሽን የሚገፋው አየርም ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያግዳል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ልብ ባዶ ቀርቶ ይቆማል። ስለዚህ ወጣቱን በነቃበት፣ እጁን አንዲት ነርስ ይዛ በኦሮምኛ እያናገረችው፣ ከአንገቱ እስከ ጭኑ አጥበን ሸፈንነው። ከዚያ ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ ተሰጠው። ቱቦው ጉሮሮው ውስጥ እንደገባ ግፊቱ ወደ 50 ወረደ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ14 ላይ ሬዚደንቷ ከግራ ጡቱ ሥር፣ ከደረት አጥንቱ ጠርዝ እስከ ብብቱ አቅጣጫ በአንድ ረጅም መስመር ቀደደች። የደረት አጥንትን መካከል ለመካከል መሰንጠቅ ለልብ የተሻለ በር ይከፍታል፤ ግን መጋዝ ያስፈልገዋል፤ መጋዝ የለንም። የጎድን አጥንት ማስፊያው አሮጌ ስለነበረ ጥርሱ ሁለት ጊዜ አምልጦ ተመለሰ። የልቡ ከረጢት ከውስጥ ሰማያዊ መስሎ፣ እንደተነፋ ኳስ ተወጥሮ ታየ፤ የሚመታ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። በጎኑ ነጭ ክር መስሎ የሚወርደውን፣ ድያፍራምን (ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ) የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ከለየች በኋላ፣ ከእሱ ፊት ለፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ርቃ በመቀስ ከታች ወደ ላይ ከፈተችው። ጭብጥ የሚሞላ የረጋ ደም እንደ ጉበት ወጣ። አኔስቴዥያው ከመጋረጃው ወዲያ «90… 105» ሲል ሰማሁ፤ በዚያው ቅጽበት በቀኝ ታችኛው የልብ ክፍል ፊት ላይ ካለ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ከሚሆን ቀዳዳ ደም በእያንዳንዱ ምት ይፈነጥቅ ጀመር። የሬዚደንቷ የግራ እጅ አመልካች ጣት ቀዳዳው ላይ አረፈ፤ መፈንጠቁም ቆመ።

ይህን ጥናት ለመጻፍ ያነሣሣኝ ቀጥሎ የመጣው ግማሽ ደቂቃ ነው። በሥርዓቱ ከሄድን መስፋት የእኔ ድርሻ ነበር። መርፌ መያዣው በእጄ ነበር። በ14 ዓመት የሥራ ዘመኔ የሰፋሁት ልብ ሁለት ነው፤ የመጨረሻው ከስድስት ዓመት በፊት ሲሆን ያ ታካሚ ኦፕሬሽን ጠረጴዛው ላይ ሞቷል። ስፌቱን ስቋጥር ክሩ ጡንቻውን ቀድዶ ቀዳዳውን እንዳሰፋው እኔ አውቃለሁ፤ በካርዱ ላይ የተጻፈው ግን «ከፍተኛ የደም መፍሰስ» የሚል ብቻ ነው። እሷ ቀና ሳትል «ክሩን ይስጡኝ፤ ጣቴን ሳላነሣ ከሥሩ አሳልፈዋለሁ» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ድፍረት አልነበረም፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምታደርገውን ነገር የምትናገር ይመስል ነበር። ሰጠኋት።

ሦስት ዜሮ ፕሮሊን ክር ነበረን። ክሩ ጡንቻውን እንዳይቀድ ከሥሩ የሚደረገው የቴፍሎን ቁራጭ ግን አልነበረንም። እሷ አስቀድማ ከተከፈተው ከረጢት ጠርዝ ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች ቆርጣ በጨው ውኃ ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር፤ መቼ እንደቆረጠቻቸው አላየሁም። መርፌውን በአንደኛው ቁራጭ ውስጥ አሳለፈች፤ ከጣቷ በስተቀኝ ገብታ፣ ከጣቷ ሥር ተሻግራ፣ በስተግራ ወጣች፤ ልቡን አልተከተለችውም፤ መርፌውን አዘጋጅታ ልቡ ወደ እሷ ሲመጣ ጠበቀችው። ቀዳዳው በልብ ፊት ላይ ከሚወርደው የልብ መጋቢ ደም ሥር የጣት ስፋት ያህል ስለሚርቅ፣ ስፌቱ ያንን ደም ሥር እንዳያንቅ መስመሩን ጠማማ አድርጋ ወሰደችው። ስትቋጥር የጡንቻው ሁለት ከንፈሮች ሲነካኩ አቆመች። እኔ ሆኜ ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ አጥብቄ እጨምርበት ነበር። ሁለት ስፌት በቃ። ጣቷን ስታነሣ ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ችግሩ ግን አላለቀም፤ ይኸኛውም ስሕተት የእኔ ነው። ደረቱን መዝጋት ጀምረን ሳለ ግፊቱ 115 ደርሶ ነበር፤ መሣሪያ አቀባይዋ ሲስተር «ዶክተር፣ ጋውዙ እንደገና ቀልቷል» አለች። ልቡን አየን፤ ደረቅ ነው። ደሙ ይመጣ የነበረው ከደረት ግድግዳው ነበር፤ በደረት አጥንቱ ጎን ከውስጥ የሚወርደው ደም ሥር ስንከፍት ተቆርጦ፣ ግፊቱ 50 ስለነበረ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ልብ ሲነቃ ነቅቷል። ሁለቱንም ጫፎች አሰርን። ይህንን ደም ሥር ገና ከመጀመሪያው ፈልጎ ማሰር የረዳቱ፣ ማለትም የእኔ ሥራ ነበር። ከረጢቱን ደም ቢጠራቀም ወደ ሳንባው ዙሪያ እንዲፈስ ከታች ክፍት ትተን፣ ሁለት ቱቦ አስቀምጠን፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ40 ላይ ጨረስን። ሦስት ከረጢት ደም ተሰጥቶታል። ውጭ ኮሪደሩ ላይ እናቱና አብረውት የሚጭኑ ልጆች እጅጌያቸውን ጠቅልለው ተቀምጠው ነበር፤ እናቱ በማን እጅ እንደዳነ ጠይቀው ሲነገራቸው ሬዚደንቷን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ይቺ ልጅ?» አሉ በኦሮምኛ፤ ከዚያ ግንባሯን ሳሙት።

የቅዳሜው ልምምድ

አሁን ወደ በጎቹ ልመለስ። ሬዚደንቷና ሁለት ጓደኞቿ ከዚያ ምሽት በፊት በነበሩት 14 ወራት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሆስፒታሉ አሮጌ ዕቃ ክፍል ውስጥ የእንስሳት ልብ ይሰፉ ነበር። መጀመሪያ የገዙት የበሬ ልብ ነው፤ ሸዋ በር አካባቢ ያለው ሥጋ ሻጭ በርካሽ ይሰጣቸዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የበሬ ልብ የተሳሳተ መምህር መሆኑን ተረዱ። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ክር ቢያጠብቁበት ይችላል፤ እጅ በዚያ ላይ ሲለምድ ማጥበቅን ይማራል። የሰው የቀኝ ታችኛው የልብ ክፍል ግድግዳ ግን ከሦስት እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የግራው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ለቀኙ የሚቀርበው የበግ ልብ ነው። በግ ተራ ሄደው ከቄራ ልጆች ጋር ተዋውለው፣ ከረጢቱ ሳይገፈፍ ከነሽፋኑ የሚሰጣቸውን ልብ መግዛት ጀመሩ፤ ሽፋኑን መክፈትና ከእሱ ቁራጭ ማውጣትም የተማሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

የሚንቀሳቀስ ልብ እንዴት እንደሚገኝ ደግሞ እንዲህ ፈቱት። የሽንት ማውጫ ፎሊ ቱቦን በትልቁ ደም ሥር አስገብተው በቱቦው ጫፍ ያለውን የሚነፋ ፊኛ በቀኙ ክፍል ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ አንድ ኢንተርን በሲሪንጅ ውኃ እየገፋና እየሳበ ልቡን «ያስመታዋል»፤ ሌላ ቱቦ ቀይ ቀለም የተበጠበጠበት ውኃ ያመጣል፤ ቀዳዳ ሲበጅ ይፈነጥቃል። በጃማይካ የሚገኘው የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ባሳተሙት ሥራ የአሳማ ልብ ውስጥ ፊኛ አስገብተው በኮምፒውተር በማስመታት የልብ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ምክንያታቸውም እንደኛው ነበር፦ ታካሚው ጥቂት ነው፣ ተማሪው ግን መማር አለበት። የእኛ ልጆች ኮምፒውተሩን በኢንተርን፣ አሳማውን በበግ ተክተዋል።

ሥራውን ሙሉ አድርገው አልተለማመዱትም፤ ቆራርጠውታል። አራት ቅዳሜ ጣት ማስቀመጥ ብቻ፤ ሌላ አራት መርፌ ማሳለፍ ብቻ፤ ከዚያ ቋጠሮ ብቻ። በትልልቅ የልብ ማዕከላትም ሠልጣኝ የሚያድገው በዚሁ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ደረት መክፈትና መዝጋት፣ ቀጥሎ ከእግር ደም ሥር ማውጣት፣ ከዚያ ቱቦዎቹን ከማሽኑ ጋር ማገናኘት፣ ዋናው ስፌት በመጨረሻ። ልዩነቱ፣ እዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ በሳምንት ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ እዚህ ደግሞ ሬዚደንት የአራት ዓመት ሥልጠናውን ጨርሶ አንድም የተወጋ ልብ ሳያይ ሊመረቅ ይችላል። በደብተራቸው ላይ ያለውን አይቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገጾች «ቀደደ፣ ቀደደ፣ ቀደደ» በሚል ቃል የተሞሉ ናቸው። ከስድስተኛው ወር በኋላ ቃሉ እየጠፋ ይሄዳል።

ስለዚህ ልምምድ የነበረኝን አስተያየት መደበቅ አይገባኝም። ለክርና ለጓንት እንዲፈቀድላቸው ሲጠይቁ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ወር ተቀምጧል፤ በአንድ የጠዋት ስብሰባ ላይም «የሥጋ ቤት ቀዶ ሕክምና» ብዬ ቀልጄበታለሁ፤ ተስቋል። ጊዜው ያለፈበት ክር ከመጋዘን እየለቀሙ ቀጠሉ። የቀዶ ሕክምና ሥልጠና እኔ ባደግኩበት ሥርዓት በዓመት ይቆጠራል፤ አራተኛ ዓመት ከሦስተኛ ይበልጣል፣ ሲኒየር ከሁሉም ይበልጣል። በየቀኑ ለሚሠራ ሥራ፣ ለትርፍ አንጀትና ለተቀደደ አንጀት፣ ይህ ቆጠራ ብዙም አያሳስትም፤ ዓመቱ ሲጨምር ቁጥሩም አብሮ ይጨምራልና። በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣ ሥራ ግን ዓመት የሚያመለክተው ከመጨረሻው ጊዜ ምን ያህል እንደራቅን ነው። በዚያ ምሽት በክፍሉ ውስጥ ልብ ለመስፋት ከሁሉ የበለጠ ዝግጁ የነበረችው ሐኪም በማዕረግ ሦስተኛዋ ነበረች።

ልምምዱ ያልሸፈነውም ነገር እንዳለ መካድ አይቻልም። የበግ ልብ ሳህን ላይ ስለሚቀመጥ የደረት ግድግዳ የለውም፤ ያንን በጎን የሚወርድ ደም ሥር ማሰርን ማንም አልተለማመደውም፤ የረሳሁትም እኔ ብቻ አልነበርኩም። ማደንዘዣ ሲሰጥ ግፊቱ እንደሚወድቅም በግ አያስተምርም፤ ያንን ያስተማረን የአኔስቴዥያው ባለሙያ ነው።

ከዚያ በኋላ

ወጣቱ በማግስቱ ጠዋት ከመተንፈሻ ማሽን ወጣ፤ ቱቦዎቹ በአራተኛው ቀን ተነቀሉ፤ በዘጠነኛው ቀን ቤቱ ሄደ። ስለቱ በሁለቱ ታችኛ የልብ ክፍሎች መካከል ያለውን ግድግዳ ወይም ቫልቭ ነክቶ እንደሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይታወቅ ስለሚችል በየጠዋቱ ደረቱ ይደመጥ ነበር፤ ኢኮም (የልብ አልትራሳውንድ) ሁለት ጊዜ ተሠርቶለት ንጹሕ ሆኗል። በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳትና ሲተነፍስ የሚወጋው ሕመም ይዞት አካባቢው ወዳለ ጤና ተቋም ሄዶ፣ በልቡ ዙሪያ ጥቂት ፈሳሽ ስለታየ የቲቢ መድኃኒት ሊጀመርለት ነበር። ደግነቱ ስልክ ተደወለልን። የልብ ከረጢት ከተከፈተ በኋላ ሰውነት በራሱ ላይ የሚያስነሣው ቁጣ እንዲህ ያለ መልክ አለው፤ በአይቡፕሮፌንና በኮልቺሲን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቀቀው። በመውጫ ወረቀቱ ላይ ይህ ሊመጣ እንደሚችል ብንጽፍለት ኖሮ ያ ሁሉ መንከራተት አይኖርም ነበር፤ አሁን እንጽፋለን።

አልትራሳውንዱ ወደ ማዋለጃ ክፍል አልተመለሰም፤ ለእነሱ ሌላ ተፈልጎላቸዋል። በኦፕሬሽን ክፍሉ መደርደሪያ ላይ በቀይ ጨርቅ የታሰረ አንድ ጥቅል አለ፤ ማስፊያው፣ ረጅሙ መርፌ መያዣ፣ ፕሮሊኑና ትልቁ መቀስ በውስጡ ናቸው፤ ለሌላ ሥራ የሚፈታው ሰው ስሙን ይፈርማል። መጋዙ አሁንም የለም። የክሩ ወረቀት በማግስቱ ተፈርሟል።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሁለተኛው ቅዳሜ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄድኩ። ሬዚደንቷ ወንበር አመጣችልኝ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ኢንተርኑ ሲሪንጁን ይዞ የበጉን ልብ ማስመታት ጀመረ፤ እሷም ቀዳዳውን ሠርታ መርፌ መያዣውን በእጀታው በኩል አቀበለችኝ። የመጀመሪያውን ስቋጥር ቀደደ። ሁለተኛውም ቀደደ። «ዶክተር፣ ከንፈሮቹ ሲነካኩ ይበቃል» አለችኝ ዝግ ባለ ድምፅ፤ ከዚያ ደብተሩን ከፍታ በስሜ አዲስ ገጽ አወጣችና ሁለቱንም መዘገበቻቸው።